ከወለቃ እስከ ሁርሊንግሃም፦ የሸክላ ምስልና የሠሪዎቹ ታሪክ

 የመጽሔታችን አዘጋጆች፣ ሁርሊንግሃም ባለችው ትንሽ ሱቄ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ጀበናና ድስት ስለምሸጥ፣ ስለ ሸክላ ሥራ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ትምህርቴም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን ዕቃውን ለብዙ ዓመታት ስሸጥ የኖርኩ በመሆኔ፣ ከመጻሕፍት ያነበብኩትንና ከሽማግሌዎች የሰማሁትን አሰባስቤ እነሆ በአጭሩ አቅርቤአለሁ።

ጽሑፌ በተለይ የሚያተኩረው በምስሎቹ ላይ ነው። ብዙዎቻችን በኪሊማኒና በሁርሊንግሃም ቤቶቻችን ደጅ፣ በአበባው መካከል፣ አንድ የሸክላ አንበሳ ወይም የሸክላ ወፍ አኑረናል። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ያመጣልን ነው፤ አለዚያም በንጎንግ መንገድ ዳር ከተደረደሩት የችግኝና የማሰሮ ሻጮች የገዛነው ነው። ልጆቻችን "ይህን ማን ሠራው?" ብለው ሲጠይቁን ግን መልሱ ከብዙዎቻችን ዘንድ የለም። መልሱ ደግሞ አንዳንዱ የሚያኮራ፣ አንዳንዱ የሚያሳፍር ታሪካችን ነው።

የምስሉ ዕድሜ

በአገራችን ጭቃን ቀርጾ በእሳት መተኮስ የትናንት ሥራ አይደለም። በአክሱም አካባቢ ሐውልቲ በተባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ቁፋሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩ የሸክላ በሬዎችና ትንንሽ የሸክላ ቤቶች ተገኝተዋል። ቤቶቹ በርና ጣሪያ ያላቸው፣ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ከዚያም በኋላ በአክሱም ዘመን አንገታቸው የሴት ራስ ሆኖ የተቀረጸ ማሰሮዎች ይሠሩ ነበር። የሴቶቹ ሹሩባ እስከ ዛሬ በትግራይና በአማራ እናቶቻችን ራስ ላይ የምናየውን የሚመስል ነው።

በገጠሩም እንደምታስታውሱት በሣር ክዳን ቤት ጫፍ ላይ፣ ምሰሶው በሚወጣበት ቦታ፣ ዝናቡ እንዳይገባ የሸክላ ዕቃ ይደፋበታል። ሰው ጉልላት ብሎ ይጠራዋል። ዓላማው ውኃ መከላከል ቢሆንም ባለቤቱ ለውበቱም ይጨነቅበታል። ስለዚህ ሸክላን ከቤት ውጭ ለጌጥ ማኖር ከፈረንጅ የቀዳነው አዲስ ነገር ነው ማለት አይቻልም።

እንስራው፣ ጋኑ፣ ገንቦው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ጀበናው ሁሉ ያለ መሽከርከሪያ በሴቶች እጅ የተሠራ ነው። ቢሰበር እንኳ አይጣልም። ገሉ ከጎረቤት እሳት ለመጫር፣ ዕጣን ለማጨስ ይውላል። ወደ ሸክላ ሠሪዋም ቢመለስ ተወቅጦ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ አሮጌው ዕቃ በአዲሱ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ሠሪዎቹና የተሰጣቸው ስም

እዚህ ላይ መራራውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሸክላው የማይበላ ቤት አልነበረም፤ ሸክላ ሠሪዋን በማዕዱ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ "ቡዳ" እየተባሉ ኖረዋል። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለባቸው። ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር። ቤታቸውም ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ ነበር።

ለዚህ አንዱ ምክንያት መሬት ነው። በዘመኑ ሰው የሚከበረው በርስቱ ነበር። ርስት ያልነበረው ወይም የተነጠቀ ወገን በእጁ ሥራ ከማደር በቀር አማራጭ አልነበረውም። ቤተ እስራኤላውያን በቀድሞ ነገሥታት ዘመን ርስታቸውን ማጣታቸውና ወደ ብረት፣ ወደ ሽመናና ወደ ሸክላ ሥራ ማዘንበላቸው በታሪካቸው የሚነገር ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩና ከዚያም በኋላ ግንቦቹ ሲሠሩ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል እነርሱ ነበሩበት። ዛሬ የምንኮራበት የጎንደር ግንብ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የእነዚያ እጆች ሥራ አብሮ ተመዝግቧል ብንል ስህተት አይሆንም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ጉዳት አይተው በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ሰው በሥራው እንዳይሰደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ ሐሳብ በአጭሩ፣ ሌላው ዓለም የእጅ ባለሙያውን ሲያከብር እኛ እየሰደብን ሥራውን አጠፋነው የሚል ነው። አዋጁ ከተነገረ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ የእጅ ባለሙያውም መሬት የማግኘት ዕድል አገኘ፤ ሆኖም የሰው ልብ ከሕግ ይልቅ ቀስ ብሎ ይለወጣል።

የወለቃ አንበሶች

ከጎንደር ከተማ ወጥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ወለቃን ያገኛታል። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ፣ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማም ይሸምኑ ነበር። ለጎንደርና ለአካባቢው ገበያ ድስትና እንስራ ያቀርቡ የነበሩት እነዚህ እናቶች፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ቱሪስት መብዛት ሲጀምር፣ ትንንሽ ምስሎችን በብዛት መሥራት ጀመሩ። የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ወፍ፣ እንዲሁም ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አብረው የተኙበት ምስል ከሁሉ የታወቁት ናቸው። ቀለማቸው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው። ጥቁረቱ የቀለም ቅብ ሳይሆን የጭስ ሥራ ነው።

አንበሳው ለምን ተመረጠ ብለን እንጠይቅ ይሆናል። በዚያ ዘመን የይሁዳ አንበሳ የመንግሥቱ ዓርማ ነበር። በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. በ1930 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጋር ተያይዞ የቆመውን፣ ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት በ1960ዎቹ የተመለሰውን የአንበሳ ሐውልት የማያውቅ የለም። ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ይሁዳንም ሰሎሞንንም የራሳቸው አድርገው ያያሉ። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱ በነሐስ ያቆመውን አንበሳ፣ ርስት የሌላት ሴት በጭቃ ሠርታ በመንገድ ዳር ትሸጠው ነበር። ሁለቱም አንበሳ ናቸው፤ የሠሪዋ ስም ግን ከምስሉ ሥር አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብና ጦርነት በነበረበት ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ሱዳን ገቡ። ከዚያም ኦፕሬሽን ሙሴ በተባለው ዘመቻ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች የሞቱትም በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ኦፕሬሽን ሰሎሞን በተባለው ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። እኛ ስደት የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ምን ይዞ ምን ትቶ እንደሚሄድ እናውቃለን። እነዚያ እናቶች እሳታቸውን ትተው፣ እጃቸውን ይዘው ሄዱ። አንዳንዶቹ በእስራኤል ከተሞች ሥራውን ቀጥለዋል።

በወለቃ ግን ሥራው አልቆመም። እዚያው የቀሩ ክርስቲያን ሴቶች ሙያውን ይዘው ቀጠሉ። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም በዚያው በወለቃ ተቋቁሞ ሸክላና ሽመና ሲያስተምር ቆይቷል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲህ የዳዊት ኮከብ ያለበትን አንበሳ አይሁድ ያልሆነች ሴት ስትሠራው ማስመሰል አይደለም ወይ?" ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ትናንት "ቡዳ" ተብሎ ይሸሽ የነበረውን ሥራ ጎረቤት በእጁ ሲነካው፣ ያ አጉል እምነት በራሱ ጊዜ መሰንጠቁ ነው። ነገር ግን አንድ ዕዳ አለብን፤ ምስሉን ስንገዛ መጀመሪያ የማን እንደነበረ ለልጆቻችን መናገር አለብን። የሠሪ ስም ከጠፋ ሁለተኛ መሰደድ ነው።

በአዲስ አበባም ቀጨኔ አለች። በሰሜን አዲስ አበባ ባለችው በዚህች ሠፈር ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪ እናቶች ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። እኔ ከምሸጣቸው ጀበናዎች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። በሞያሌ መንገድ ሲመጡ ከአሥሩ ሁለቱ ተሰብረው ይደርሳሉ። ደንበኛ ግን "ለምን ተወደደ?" ሲለኝ፣ ያቺ እናት አፈሩን በጀርባዋ ማምጣቷን፣ በጭሱ ዓይኗ መቅላቱን አያይም። ዋጋ የሚከራከረው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእርሷ ጋር ነው።

ጎረቤቶቻችን ምን ሠሩ

የምንኖርባት ከተማም በዚህ ሙያ የራሷ ታሪክ አላት። በኬንያም በካምባ፣ በኪኩዩ፣ በሉኦና በሌሎችም ዘንድ ሸክላ ከጥንት ጀምሮ ይሠራል። ይበልጡን የሴቶች ሥራ ነው።

ከእኛ ሠፈር ራቅ ብሎ በካረን ካዙሪ የሚባል የታወቀ የሸክላ ሥራ ቦታ አለ። ካዙሪ በስዋሂሊ "ትንሽና ቆንጆ" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሱዛን ውድ የተባሉ እንግሊዛዊት ከሁለት ኬንያውያን ሴቶች ጋር የሸክላ ጨሌ መሥራት ጀመሩ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ ነበሩ። ሥራው አድጎ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶችን የሚያሠራ ሆነ፤ ከጨሌውም ሌላ የሸክላ ዕቃ ይመረታል። እዚህ ላይ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ሁለት ሴት፣ ጥቂት ጭቃና አንድ ምድጃ ሲገናኙ፣ ገበያውም ከተገኘ፣ ብዙ ቤተሰብ ይተዳደራል።

ሌላዋ መግደሊን ኦዱንዶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 በናይሮቢ ተወልደው በ1971 ወደ እንግሊዝ አገር ለትምህርት ሄዱ። በናይጄሪያ በአቡጃ የሸክላ ማዕከል የአፍሪካን የእጅ አሠራር ከሴቶቹ ተማሩ። ዛሬ ማሰሮዎቻቸው በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ መንግሥት "ዴም" የሚለውን የክብር ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ያንጻሉ፣ በድንጋይ እንደሚወለወል አድርገው ያለሰልሳሉ፣ በአየር ሲተኩሱት ይቀላል፣ አየር ነፍገው በጭስ ሲተኩሱት ይጠቁራል። ይህ ደግሞ የወለቃና የቀጨኔ እናቶች የሚያውቁት ጥበብ ነው። ልዩነቱ አንዷ "ዴም" ስትባል ሌላዋ "ቡዳ" መባሏ ነው።

ሁለቱን አገሮች በሸክላ ያገናኘ ሌላም ነገር አለ። በካሙኩንጂ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች የሚሠሩት፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው የኬንያ ከሰል ምድጃ፣ ጂኮ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተሻሽሎ ወጥቶ ከሰል በመቆጠብ ስም አገኘ። ከእርሱም ተወስዶ በኢትዮጵያ ላቀች የተባለው ምድጃ ተሠራ። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" የሚለው ተረታችን በዚህ አይሠራም፤ ምድጃው ሲለወጥ ከሰሉ ተርፏል።

ለግቢ የሚሆን ምስል እንዴት ይሠራል

ልጆቻችን መሞከር ቢፈልጉ አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ አፈሩ ነው። ከናይሮቢ በስተምሥራቅ ያለው ጥቁር ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእኛ ሠፈር ቀይ አፈርም ብቻውን አይያያዝም። ሸክላ ሠሪዎች የሚያውቁት ልዩ አፈር አለ፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ከተወቀጠ ገል ወይም ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ በእግር ይረገጣል። ገሉ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ምስጢር ውስጡን ክፍት ማድረግ ነው። ወፍራም ድፍን አንበሳ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፤ ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ምስሉ እንደ ማሰሮ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይሠራል፣ ከሥሩም ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል። ከዚያ በጥላ ለብዙ ቀን ይደርቃል። ሲደርቅና ሲተኮስ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ይኮማተራል፤ ስለዚህ የፈለጉትን ልክ ከፍ አድርገው መጀመር ነው።

ሦስተኛው እሳቱ ነው። እናቶቻችን በሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበት፣ በገለባና በቅጠል ይተኩሱታል። የሜዳ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እንዲጠቁር የተፈለገው ገና ትኩስ ሳለ በገለባ ወይም በቅጠል ተሸፍኖ ይታፈናል። በዚህ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ውኃ ይጠጣል። ጀበናንና ምጣድን የምናሟሸውም ስለዚህ ነው። ደጅ የሚቀመጥ ምስል ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከጥቅምትም እስከ ታኅሣሥ የናይሮቢን ዝናብ ሊችል ይገባል። ስለዚህ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ዝግ ምድጃ ማስተኮስ ይመረጣል። ይህ ካልሆነ ምስሉን በቀጥታ አፈር ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ በተቻለ መጠንም ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ማኖር ዕድሜውን ያረዝመዋል። ደግነቱ ናይሮቢ ከፍታዋ ወደ 1,700 ሜትር ቢሆንም ሸክላን የሚሰነጥቅ ውርጭ አይጥልባትም።

ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። አፈር የሚቆፍር፣ የሚረግጥ፣ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚያቀርብ፣ ሌሊቱን እሳቱን የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሸክላ በየትም አገር የመንደር ሥራ ሆኖ የኖረው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

እኛ በዚህ አገር እንግዶች ሆነን በእጃችን ሥራ ያደርን ሰዎች ነን። አገር ቤት ሳለን የንግድ ሥራ እንኳ በአንዳንድ ቤት ያስንቅ ነበር። እዚህ መጥተን ግን ምግብ አብስለን፣ ልብስ ሰፍተን፣ ሱቅ ከፍተን፣ የሰው ቤት ጠርገን ልጆቻችንን አስተምረናል። ሥራ ሰውን እንደማያዋርድ ከኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ይህን ያወቅን ሰዎች በመካከላችን ዛሬም "የእገሌ ዘር እንዲህ ነው" የሚል ንግግር፣ በተለይ የልጅ ጋብቻ ሲመጣ፣ አልፎ አልፎ መስማታችን ያሳዝናል። ይህን የሰማ ልጅ ነገ ጀበናውን ይዞ ሠሪዋን ይንቃል።

ስለዚህ ለቀጣዮቹ ዓመታት አንድ ነገር እንድናስብ እጠይቃለሁ። የማኅበራችን ልጆች በክረምት ዕረፍታቸው ከናይሮቢ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄደው፣ የሚገባቸውን ዋጋ ከፍለን፣ ከአካባቢው ልጆች ጋር አብረው ጭቃ ይርገጡ። ወላጆችም እንጨት ያቅርቡ። ለመሰብሰቢያ ግቢያችን የሚሆን አንበሳ፣ ወፍ፣ ልጅ ያዘለች እናት በጋራ ይሥሩ። የኬንያ ልጆችም የራሳቸውን ቀጭኔ ወይም ኤሊ ከጎኑ ያኑሩ። ቅርጹ ቢጣመም ግድ የለም። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር ግን ጭቃው ሳይደርቅ የሠሪው ስም በግዕዝ ፊደልም በላቲን ፊደልም ይጻፍ። ከአንበሳው ሥር ደግሞ፣ ሠሪዎቹን እናቶች በስም ባናውቃቸውም፣ "ከወለቃ እናቶች የተማርነው" የሚል ቢታከልበት፣ ለረዥም ዘመን የተነፈጉትን ክብር በጥቂቱ መመለስ ይሆናል።

ሱቄ ድረስ መጥታችሁ ጀበና የምትገዙ ወንድሞችና እኅቶችም "ከየት መጣ? ማን ሠራው?" ብላችሁ ጠይቁኝ። እኔም ከሚያመጡልኝ ሰዎች እየጠየቅሁ የመንደሩን ስም በየዕቃው ላይ በወረቀት መለጠፍ ጀምሬአለሁ።

ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሁላችንንም በጤናና በፍቅር ያድርሰን። ቸር ያሰንብተን።